ቀይ ያደረው ምግብ

የካንሰር ምርምር ቤተ ሙከራው ኃላፊ የሆኑት ፕሮፌሰር የናይትሮጅን ጋዝ በሚቀመጥባት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ አንድ እጃቸው የበሩን እጀታ እንደያዘ ሞተው ተገኙ። በሩ ከውጭ ተቆልፏል፤ የጋዙ መክፈቻ ተለቋል። ጋዙ ሽታ የለውም፤ አየሩን ገፍቶ ያስወጣና ሰውን ድምፅ ሳያሰማ ያፍናል።

ባልደረቦቿ «ወስፌ» የሚሏት መርማሪ ስትደርስ ፖሊሶቹ ለቤተ ሙከራው ቴክኒሻን ካቴና ሊያጠልቁላት ነበር። ቁልፉ ከሟች ሌላ ያለው በእሷና በፕሮፌሰሩ ምክትል እጅ ብቻ ነው። ምክትሉ ትናንት ምሽት ማዶ ካለው ክፍል ሕዋሳት ሲመግብ እንደነበር ተናግሯል፤ አዲስ ምግብ የተሞሉትን ጠርሙሶችም በምስክርነት ጠርቷል። እሷ ቤቷ ነበረች፤ ምስክሯም አፉን ያልፈታ ሕፃን ነው። ሕፃኑ ጎረቤት ቀርቶ፣ ጡቷ ሞልቶ ቀሚሷን አርሶታል። ወስፌ ይህን አይታ ወደ ፖሊሶቹ ዞረች።

«ካቴናውን ትንሽ አቆዩት» አለች።

ከዚያ ምክትሉን ጠርሙሶቹ ባሉበት ክፍል ስለ ሥራው ጠየቀችው። ወሬው ጣመው። ጠርሙሶቹ ውስጥ ያሉት ካንሰርን የሚዋጉ የሰውነት ዘበኞች ናቸው አላት። አርጂኒን የሚባለውን አሚኖ አሲድ ካገኙ ይነቃሉ፣ ይባዛሉ፣ ቀዩን ምግባቸውንም በአንድ ሌሊት ቢጫ ያደርጉታል። ካጡ ግን ያንቀላፋሉ፤ ምግቡም እንደቀላ ያድራል። የካንሰሩ ዕጢ ደግሞ አርጂኒኑን ይሻማቸዋል።

«እንግዲህ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም በሉኛ።»

እሱ ሳቀ፤ እሷ ግን ዓይኗን ከጠርሙሶቹ አልነቀለችም። ቴክኒሻኗንና የሟችን ባለቤት እዚያው አስጠራቻቸው።

«ዶክተር፣ ትናንት ማታ ሁሉንም መግበዋል?»

«አንድም አልቀረኝም።»

«አርጂኒን የተሰጣቸው የትኞቹ ናቸው?»

ሊያሳያት ጣቱን ዘረጋ፤ ጣቱ አየር ላይ ቀረ። ሁሉም ጠርሙሶች ቀይ ነበሩ።

«የነቃ ዘበኛ ምግቡን ቀይ አያሳድርም፤ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት» አለች ወስፌ። «ትናንት ተመግበው ቢሆን አርጂኒን ያገኙት አሁን ቢጫ ይሆኑ ነበር። የመገቧቸው ዛሬ ጠዋት፣ ሰው ሁሉ ወደ ሬሳው ሲሮጥ ነው። ትናንት ምሽት እዚህ አልነበሩም። ቁልፍ ይዘው ማዶ፣ የጋዙ ክፍል በር ላይ ነበሩ። ምስክሮችዎ ከዱዎት።»

ምክትሉ አመነ። ፕሮፌሰሩ አርጂኒኑ ለሕሙማን የሚሰጥበትን ሙከራ ሊያቆሙት ነበር፤ አርጂኒኑ በሕሙማኑ ላይ ዘበኞቹን ሳይሆን ዕጢውን አፋፍቶታል ብለው።

«መድኃኒቱን ለመውሰድ ቀጣይዋ ተረኛ ልጄ ነበረች» አለ። «ሌላ ተስፋ አልነበራትም።»

 የሟች ባለቤት ቀስ ብለው አጠገቡ ቆሙ።

«ነግሮኛል እኮ» አሉት። «ሊያቆመው የነበረው ለእሷ ብሎ ነው። መድኃኒቱ ይገድላታል ብሎ።»

ቴክኒሻኗ ይህን አልሰማችም። ደረጃውን ወርዳ ወደ ልጇ እየሮጠች ነበር።