ያልተጫነው ላይብረሪ

የፕሮግራም ሠሪው አስከሬን ከቢሮው ጠረጴዛ ሥር ተደፍቶ ተገኘ። ከሰርቨሩ መደርደሪያ በተነቀለ ብረት ሦስት ጊዜ ተመትቷል፤ የመጨረሻው ምት የራስ ቅሉን አድቅቆታል። የመታውን እግዜር ይይለት።

ታናሽ ወንድሙ ደም በደም ሆኖ በካቴና ታስሯል። ሟችን አቅፎ የተገኘው እሱ ነው፤ ጠዋትም ተጣልተው ነበር። እናቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተቀምጠዋል፤ ቀና ብለው አላዩትም።

መርማሪዋን «ወንፊት» ይሏታል፤ የነገሯትን ሁሉ ሳታበጥር አትውጥም። የሟችን ምክትል ጠራችው።

«ሐኪሙ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ሞተ ይላል። የት ነበርክ?»

«ቤቴ። ልክ በዚያ ሰዓት ፕሮግራማችንን በላፕቶፔ አስነስቼ፣ ስክሪኑ ላይ የከፈተውን መስኮት ፎቶ ለደንበኛው ላክሁ። ኢሜይሉ ይመስክር።»

«ላፕቶፑን ሌላ ሰው ነክቶታል?»

«ማን ይነካዋል? ከእጄ አልወጣም።»

ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። «እስቲ አሁን አስነሳልኝ፣» አለችው።

አስነሳ። መስኮት የሚባል አልመጣም፤ አንድ መስመር ብቻ ተጻፈ፦ መስኮት የሚስለው ላይብረሪ አልተገኘም።

«እንዴ፣ ይሄ የኮድ ቁራጭማ መደበኛ ነው። ከፕሮግራሚንግ ቋንቋው ጋር አብሮ ነው የሚመጣው።»

«በሟች ኮምፒውተር ላይ፣ አዎ። ያንተ ላፕቶፕ የሚሠራበት ሊኑክስ ግን ሌላ ዓይነት ነው፤ አዘጋጆቹ ይሄን ቁራጭ ለይተውታል፣ የፈለገ ለብቻው ይጭነዋል። የላፕቶፑን መዝገብ አየሁት። ጭነኸውም አጥፍተኸውም አታውቅም።»

ምክትሉ ላፕቶፑን ከደነው።

«ፎቶው የተነሳው እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው። ፕሮግራሙ ያለው በሁለታችሁ ማሽን ብቻ ነው፤ ይሄኛውን ደግሞ ሟች ማንም ከሩቅ እንዳይገባበት ዘግቶታል። ገደልከው፣ ሬሳውን በእግርህ ገፋ አድርገህ ተቀመጥክ፣ በራስህ ኢሜይል ላክህ። መደበኛ ነገር የትም አይጠፋም ብለህ ቤትህ አልሞከርከውም።»

ላፕቶፑን አንስቶ ፊቷ ላይ ሰነዘረ። ጎንበስ ብላ አሳለፈችው። አጠገቧ የቆመው ፖሊስ ክንዱን ጠምዝዞ ከግድግዳው ጋር አላተመው።

«ሦስት ዓመት የለፋሁበትን ፕሮግራም በስሙ ብቻ ሊያወጣው ነበር፣» አለ ደም እየተፋ።

መርማሪዋ የወንድምየውን ካቴና ፈታች። እናቱ ተነስተው እጃቸውን ዘረጉለት፤ እሱ ግን ወደኋላ አለ።

«እማዬ፣ አንቺም አምነሽ ነበር?»

ዋሽተው ሊያጽናኑት አንጀታቸው እምቢ አለ።

«አምኜ ነበር፣ ልጄ፣» አሉት።