የነፋስ ተርባይኑ ስብሰባና የእኔ ቅናት

መጀመሪያ ያየኋት ከስፌት ቤቴ መስኮት ነው። ኮረብታው ላይ ቆማ፣ ከእኔ ሰው ጋር አንድ ገመድ ይዛ ትስቃለች።

የእኔ ሰው የፕላን ጽሕፈት ቤት ቀያሽ ነው። እሷ ደግሞ ኮረብታችን ላይ የነፋስ ተርባይኖች ሊተክል የመጣው ድርጅት መሐንዲስ። ሥራቸው ቀይ ፊኛ በገመድ ወደ ላይ መልቀቅ ነበር፤ ነዋሪው ተርባይኑ የሚደርስበትን ከፍታ ከየቤቱ አይቶ፣ በስብሰባው ቀን «ይተከል» ወይም «አይተከል» እንዲል። ሰፈሩ ሁሉ ፊኛውን ያያል። እኔ የማየው ገመዱን የያዙትን እጆች ነው።

ማታ ቤቴ ሲመጣ ስለ እሷ ጠየቅኩት። ስለ ሥራው መናገር ክልክል ነው አለኝ። ስብሰባው እስኪያልቅ ስለ እኛም ለማንም እንዳልናገር ለመነኝ። ቤቴ ኮረብታው ሥር ነው፤ ቀያሽ ደግሞ ከባለጉዳይ ጋር ቅርበት ካለው ከሥራው ይነሳል። በዕድሜው እንዲህ ያለ ትልቅ ሥራ አግኝቶ አያውቅም። ነገሩ ገባኝ። ቅናት ግን መች ይገባዋል? እሷ በአደባባይ ከእሱ ጋር ትስቃለች፣ እኔ ተደብቄ እወደዋለሁ! ተናድጄ የደንበኛ ቀሚስ እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ።

የስብሰባው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። አንዱ መብራት እናገኛለን ይላል፣ ሌላው ጩኸቱ እንቅልፍ ይነሳናል ይላል። እሷ አጠገቡ ተቀምጣ የሆነ ነገር ሹክ አለችው። እሱም ፈገግ አለ። በቃ፣ እጄን አወጣሁ።

ልናገር ያሰብኩት ተርባይን ከመኖሪያ ቤት ምን ያህል መራቅ እንዳለበት ነበር። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ቀያሹ ርቀት የሚለካው ከቤታችን ነው ወይስ ከመሐንዲሷ? የቤታችንን እንጃ፣ ከእሷ ያለው ግን ከስንዝር አይበልጥም!»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ሰብሳቢው ሽማግሌ ግን አልሳቁም። ቅናቴ ገብቷቸው፣ በጣታቸው እኔን እያመለከቱ ወደ እሱ ዞሩ።

«ልጄ፣ ከዚህች ልጅ ጋር የሚያገናኝህ ነገር አለ?»

ሳቁ ቆመ። «የለም» ካለ ሥራው ይተርፋል፣ እኔ ግን ቀረሁ። ከመቀመጫው ተነሳ።

«አለ» አለ። «የምወዳት ሴት ናት። ቀድሜ መናገር ነበረብኝ።»

ሰብሳቢው ከሥራው መነሳቱን፣ ልኬቱም በሌላ ቀያሽ እንደሚደገም ተናገሩ። እሱም ካርታውን ጠቅልሎ አስረከበና ወጣ። እየሮጥኩ በር ላይ ደረስኩበት።

«ሥራህን አስጣልኩህ...»

«አስጣልሽኝ።»

«ተቆጥተሃል?»

«በጣም።» እጄን ግን በሰው ሁሉ ፊት ያዘኝ። «ሹክ ያለችኝን ታውቂያለሽ? ‹ያቺ ልጅ በዓይኗ ልትበላኝ ነው፣ ምን አድርጌያት ነው?› ነው ያለችኝ።»

ልኬቱ ሲደገም ለሰፈሩ በጣም ቅርብ የነበረው ተርባይን ቦታው ወደ ኋላ ተገፋ፣ የቀሩት ተተከሉ። እኛም ተጋባን። መሐንዲሷ ሠርጋችን ላይ አምራ መጣች። ፎቶ ልንነሳ ስንል በእሱ በኩል ልትቆም ጠጋ አለች። መሀላቸው ገባሁ።

አሁን በሰው ፊትም የእኔ ነዋ!