ሠላሳ አንደኛው ስም

ፍቅር ሰውን ደፋር ያደርጋል ይባላል። ታይፒስቷን ግን ሌባ ነበር ያደረጋት፤ የሰረቀችውም አንድ ስም ነው።

የሚባረሩ ተማሪዎች ዝርዝር ከዲኑ ጠረጴዛ ወደ እሷ የመጣው ሰኞ ጠዋት ነው። ሠላሳ አንድ ስሞች ነበሩበት። የመምህራን ማሠልጠኛው ተማሪዎች ትምህርት ካቆሙ ሦስተኛ ሳምንታቸው ነበር። አዲሱ የትምህርት ለውጥ በየገጠሩ ትምህርት ቤት በመምህር ፈንታ ሬዲዮ ይቀመጥ ይላል። «ሬዲዮ እጅ ያወጣ ልጅ አያይም» አሉ ተማሪዎቹ በአቤቱታቸው። ያቺን ዓረፍተ ነገር የጻፋት ሸንበቆ ነው።

ሸንበቆ ያሉት ቁመቱንና ቅጥነቱን አይተው ነው። አቤቱታውን ሊያስተይብ የመጣ ዕለት ግንባሩን ከበሩ ጉበን ጋር አጋጨና፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው «እንደምን ዋልሽ፣ እህቴ?» አላት። ሳቋን መያዝ አቃታት። ከዚያ ወዲህ በምሳ ሰዓት እየመጣ ያነብላታል፣ እሷ ትተይባለች። የሚተየብ ነገር ካለቀ በኋላም መምጣቱን አልተወም።

የእሱ ስም የዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ነበር። ጣቶቿ ሠላሳኛው ላይ ቆሙ። አወጣች አወረደችና ሠላሳ አንደኛውን ሳትጽፍ ወረቀቱን ከጽሕፈት መኪናዋ መዘዘችው። ዲኑ እሷ የጻፈችውን ሳያነቡ መፈረም ልማዳቸው ነውና ፈረሙ። ያን ቀን ልቧ ቅቤ ጠጣ።

ሐሙስ ዕለት ሸንበቆ ጎንበስ ብሎ ገባ። ፊቱ ጠቁሯል።

«የእኔ ስም የት ሄደ?» አላት።

«ምን ማለትህ ነው?»

«የተከተሉኝ ሁሉ ተባርረዋል፤ ከፊት የነበርኩት እኔ ቀርቻለሁ። በምን ተረፈ አይሉም? ትናንት ምግብ አዳራሽ ገብቼ ስቀመጥ፣ ጠረጴዛውን ለእኔ ጥለውልኝ ተነሱ። ጆሮ ጠቢ ነው ብለውኛል።»

ፊቷን ወደ ጽሕፈት መኪናዋ መለሰች። «ሁለት ወር ነው የቀረህ። እንድትጨርስ ብዬ ነው።»

«አንቺ ነሽ?»

ይቆጣኛል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ወንበር ስቦ ተቀመጠና ዓይን ዓይኗን አያት።

«እንዲህ ያደረገልኝ ሰው የለም» አለ። «ግን መልሺው።»

«ብመልሰው ትሄዳለህ።»

«ባትመልሺውም እዚህ የለሁም። ነገ ክፍል ገብቼ፣ ልጆች እውነት ተናገሩ የምለው በምን አፌ ነው?»

ንጹሕ ወረቀት አስገባች። ስሙን ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ ቢሆንም ድምፁን ትንሽ መስማት ፈልጋ «ንገረኝ» አለችው። እሱ ቀስ እያለ ነገራት፣ እሷም ተየበችው።

ዲኑ ተጨማሪውን ወረቀት ሲያዩ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ረስተሽው ነው?»

«አይ፣ ጌታዬ። አውቄ ነው የዘለልኩት።»

መነጽራቸውን መልሰው አድርገው ፈረሙ። «የአንቺን ጉዳይ ሰኞ እንነጋገራለን» አሉ። ከሥራዋ እንደምትወጣ ያኔውኑ ገባት።

ወረቀቱ ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ማግሥት፣ የተባረሩት ሻንጣቸውን ተሸክመው ሲወጡ በመስኮት ታያቸው ነበር። ሸንበቆ ብቻውን ከኋላ ነው። አንዱ ቆሞ ጠበቀውና ሻንጣውን ተቀበለው። ያኔ አለቀሰች።

ሸንበቆ በሩ ጋ ከደረሰ በኋላ ተመልሶ መስኮቷ ሥር መጣ።

«ትምህርት ያልጨረሰ፣ ሥራ የሌለው፣ ያለው ቁመት ብቻ የሆነ ሰው ነኝ። እመለሳለሁ ብልሽ ትጠብቂኛለሽ?»

«በገዛ እጄ ጽፌ ያባረርኩህን እኔ ካልጠበቅኩህ ማን ይጠብቅህ?»

እጁን ወደ ላይ ሲዘረጋ እጇ ላይ ለመድረስ አላስቸገረውም። ጓደኞቹ በሩ ጋ ቆመው ጠበቁት፤ አንዳቸውም ቶሎ በል አላሉትም።