ከባዶቹ እስሮች

ዊላ ከላሞቹ በረት በላይ ባለው ቆጥ ላይ ሆና እጇን እስከ ክርኗ የድርቆሹ ክምር ውስጥ ሰድዳ ወዲያው መለሰችው። ይፋጃል። «ዳበስ አድርጊውና ነይ» ብሎ የላካት አባቷ ነበር፤ እሷ ግን እንዲህ ይሆናል ብላ አላሰበችም። ደንግጣ ባለችበት ቀረች።

ባለፈው ሳምንት ክምሩን የደረደረችው ራሷ ናት። የታችኛውን ረድፍ በጎኑ አቁማ፣ የላዩን እንደ ጡብ እያጣመረች እስከ ጣሪያው አድርሳዋለች። ንቅንቅ አይልም። ጓደኛዋ ትሪና ከጋሪው ላይ ስታቀብላት አባቷ ያዘዘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ከሌሎቹ የከበደ እስር እርጥብ ነውና ውጭ ይጣል፤ እርጥብ ድርቆሽ ከተከመረ ውስጥ ውስጡን ግሎ እሳት ያነሳል።

«ይሄኛው ከበደኝ» ብላት ነበር ዊላ።

«ደክሞሽ ነው ባክሽ። ሁሉንም እያየሁ ነው የማቀብልሽ። ቶሎ በይ፣ መዋኘቱ ሊቀርብን ነው።»

ዊላም ደረደረችው። ከዚያ በኋላ የመጡትንም።

አሁን ትሪና መሰላሉን ወጥታ አጠገቧ ቆመች። ቆጡ የተቃጠለ ስኳር ይሸታል።

«አላየኋቸውም» አለች ቀስ ብላ። «አንዱንም። ዊላ፣ አባትሽ ሳይመጣ እናውጣቸው። ማን ያውቃል?»

የአንዱን እስር ሲባጎ ይዛ ሳበች። የእስሩ ውስጥ ጠቁሯል፤ ከክፍተቱ ጭስ ቡልቅ አለ። ሁለቱም ክው አሉ።

«መልሺው። አየር ካገኘ ይነድዳል» አለች ዊላ።

ተጋግዘው መልሰው ወተፉት። ከወለሉ በታች፣ ከሐሩሩ የተጠለሉት ላሞች ምንም ሳያውቁ ያመሰኳሉ።

«አባትሽ ሁለተኛ እዚህ አያስደርሰኝም» አለች ትሪና።

ዊላ መሰላሉን ወርዳ ለእሳት አደጋ ደወለች። ከዚያ የበረቱን በር ወለል አድርጋ ከፍታ ላሞቹን አንድ በአንድ እየፈታች ወደ ሜዳው ነዳች። በዚህ ሐሩር ላም ደጅ ከታየ አባቷ ማጨጃውን ትቶ እንደሚመጣ ታውቃለች።

መጣም፣ እየሮጠ።

«ምን ተፈጠረ?»

ትሪና መሬት መሬት ታያለች። ዊላ የቀላ ክንዷን ከጀርባዋ ሸሽጋ ነበር፤ አወጣችው።

«እርጥቦቹን ደርድሬያቸዋለሁ፣ አባዬ» አለች። «ከብደውኝ ነበር።»