«ከታች እየው!»

የካውንቲው አስተዳደር የጣሪያ ተቆጣጣሪ ሊላንድ ትሪፕ በእማማ ቨርና ፔቲት ጓሮ፣ ጋራዡ በር ላይ፣ በጀርባው ተንጋሎ ሞቷል። አጠገቡ መሰላል ወድቋል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ቢሆንም የፍሎሪዳ ነሐሴ ከወዲሁ ያፍናል፤ ዝንቡም መርማሪዋን ቀድሞ ሬሳው ላይ ደርሷል።

መርማሪ ኔልዳ ፕሩዊት ከመኪናዋ ስትወርድ አንድ ሰው በካቴና ታስሮ የፖሊስ መኪና ውስጥ አየች። የዚህን ቤት ጣሪያ ከሚሠሩት አንዱ፣ ኦቪዲዮ ነው።

«ነገሩ ያለቀለት ነው» አላት ተቋራጩ ዳርል ሃቶ። «ይሄ ሰውዬ ትናንት ከሟቹ ጋር ሲጯጯህ ነበር። ዛሬ ጣሪያ ላይ ሲያገኘው ገፈተረው። ይዛችሁት ሂዱና ሥራችንን እንጨርስ። ቅዳሜ አውሎ ነፋስ ይመጣል።»

«የሰውዬው ሬሳ ሳይነሳ አንተ ስለ ሥራህ?»

«አየሩ ቆሞ ይጠብቀኛል እንዴ፣ የኔ እመቤት?»

ኔልዳ ከአፏ ሊወጣ የነበረውን ስድብ መልሳ ዋጠችው። አባቷ ሠላሳ ዓመት ጣሪያ ሲሠራ ኖሮ ነው የሞተው፤ እንዲህ ያለውን አፍ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች።

ከሃቶ ጎን የሟቹ አለቃ፣ የግንባታ ቢሮው ኃላፊ ግሬዲ ስፓርክማን ቆሟል። የሃቶን እህት ያገባ ሰው ነው። በዚያ ወበቅ የሸሚዙን እጅጌ እስከ አንጓው ቆልፎ፣ ክንዱን ያካል።

«ትንኙ ፈጀኝ» አለ። «ሊላንድን እንደ ወንድሜ ነበር የማየው። መሞቱን ሰምቼ ከቢሮ እየበረርኩ መጣሁ።»

«ወደዚህ ቤት ገብተዋል?»

«እግሬም አልረገጠው።»

«የዚህ ጣሪያ ፈቃድ ምን ይላል?»

«የግዛቱ ሕግ አሮጌ ጣሪያ ሲገፈፍ ጣውላው በየስድስት ኢንቹ እንደ አዲስ ሚስማር ይመታበት፣ ሳይሸፈንም ተቆጣጣሪ በዓይኑ ይየው ይላል። እኛ ካውንቲ ግን ፎቶ ይበቃናል። ፎቶውን አይቼ ትናንት ማታ ፈርሜያለሁ።»

«በዓይኑ የሚለው በፎቶ ሆነ?»

«ሥራ በዛብን እኮ!»

«ከተፈረመ ታዲያ ሊላንድ ዛሬ ምን ሊሠራ መጣ?»

ስፓርክማን ሌላኛውን ክንዱን አከከ። «ግትር ነበር። ነፍሱን ይማረው።»

እማማ ቨርና ጎረቤት ቤት አድረው ገና መመለሳቸው ነው። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል። ጆሯቸው ይከብዳል።

«ትናንት ያ ሰውዬ ሲጮህበት ሰምቻለሁ» አሉ። «"ታች! ታች!" ነው የሚለው። ታች አወርድሃለሁ ማለቱ መስሎኝ ደነገጥኩ። ለፖሊሱም ይህንኑ ነገርኩት።»

«ሌላ ምን አለ?»

«ሌላውን የሠራተኞቹ ሞተር ዋጠው፣ ልጄ።»

ኔልዳ ወደ ፖሊስ መኪናው ሄዳ በሩን ከፈተች።

«ሊላንድን ምን ነበር ያልከው?»

«"ከታች እየው!" ነው ያልኩት» አለ ኦቪዲዮ። «ሃቶ ሚስማሩን ሳያስመታን በጥቁሩ ሽፋን አሸፈነን። ከላይ ምንም አይታይም። ከኮርኒሱ በላይ ገብቶ ቀና ቢል ግን ይታያል። ሞተሩ ስለሚጮህ ጮህኩ።»

«ዛሬ ጠዋትስ?»

«ብቻዬን መጋዘን ነበርኩ፤ ያየኝ ሰው የለም። ስመለስ ወድቆ አገኘሁት። እመቤቴ፣ ልጄ በስምንት ሰዓት ከትምህርት ቤት ትወጣለች። ከእኔ በቀር የሚያመጣት የለም። ዛሬ ብታሰር ማን ይቀበላታል?»

ኔልዳ ተመልሳ ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። ጣሪያው ላይ ያለው ጥቁር ሽፋን እንደ ማር ይጣበቃል፤ የሊላንድ ጫማ ሶል ግን ንጹሕ ነው። ጉልበቱና ክርኑ ላይ ሮዝ ጥጥ የመሰለ ብናኝ ተለጥፏል። የወደቀውን መሰላል ለካችው፤ ተስቦ የተቆለፈው ልክ አሸንዳው ጫፍ ድረስ ነው፣ አንዲት እርከን አያልፍም።

«ኤጭ!» አለች ለራሷ።

ጋራዡ ውስጥ ገባች። ዝናብ ሳይዘንብ ወለሉ ርጥብ ነው። ኮርኒሱ ላይ ያለው መግቢያ ክፍት ነው። ግድግዳው ሥር የተጋደመውን የእማማ ቨርናን መሰላል አስደግፋ ወጣችና ሙቀት እንዲከላከል በተነጠፈው ሮዝ የመስታወት ጥጥ መሐል በደረቷ እየተሳበች ባትሪዋን ወደ ላይ አበራች። በጣውላዎቹ በኩል ብቅ ያሉት የሚስማር ጫፎች ሁሉ የዛጉ አሮጌዎች ናቸው። አንድም አዲስ የለም። እማማ ቨርናን በዚህ ጣሪያ ሥር ለአውሎ ነፋስ አስቀምጠዋቸዋል። ስትወርድ ክንዷ ማሳከክ ጀምሯል።

ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ኦቪዲዮም በካቴናው መጣ።

«ሊላንድ ጣሪያ ላይ አልወጣም» ብላ ጀመረች። «ጫማው ንጹሕ ነው። ኦቪዲዮ "ከታች እየው" ያለውን ሰምቶ እዚህ ላይ ገባ፤ ጉልበቱ ይመሰክራል። ያየውን እኔም አይቻለሁ፤ አንድ አዲስ ሚስማር የለም። ሲወርድ የሆነ ሰው ይህን የእማማ ቨርናን መሰላል ሳበበት። እዚህ ሲሚንቶ ላይ ሞተ። ያ ሰው ደሙን አጥቦ፣ ሬሳውን ወደ ውጭ ጎትቶ፣ የሃቶን መሰላል አጠገቡ ጣለ።»

«ኦቪዲዮ ነዋ!» አለ ሃቶ።

«አንተ ጣሪያ ሠሪ፣ መሰላል ስትዘረጋ ከጣሪያው ጠርዝ በላይ ስንት ታስተርፋለህ?»

«ሦስት ጫማ፣ አንድ ሜትር ገደማ። ሕፃን እንኳ ያውቀዋል፤ ሲወርዱ የሚይዙት ነው።»

«ይሄኛው አሸንዳው ላይ ያልቃል። የአንተም የኦቪዲዮም እጅ እንዲህ አይዘረጋም። ጣሪያ ወጥቶ የማያውቅ፣ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚፈርም ሰው ነው የዘረጋው።» ወደ ስፓርክማን ዞረች። «ግሬዲ፣ እጅጌህን ሰብስብ።»

አንቱታው መቅረቱን ሁሉም ሰሙ።

«ትንኝ ነው አልኩሽ!»

«ትንኝ እብጠት ይተዋል። ሰብስበው!»

ፖሊሱ የስፓርክማንን የእጅጌ ቁልፎች ፈታ። ክንዱ እስከ ክርኑ እንደ በርበሬ ቀልቷል፤ አንዲት የትንኝ እብጠት የለበትም። ከእጅጌው እጥፋት ሮዝ ብናኝ ረገፈ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የግሬዲን ያወጣው ግን እከክ ነው።

«እግርህ ያልረገጠው ቤት ይህን አለበሰህ?»

ስፓርክማን ግድግዳውን ተደገፈ። «ተከትዬው ወጣሁ። ለመንኩት» አለ። «አርባ አንድ ጣሪያ ሳላይ ፈርሜያለሁ። "ሁሉንም ከታች ላያቸው ነው" አለኝ። ቀድሜው ወረድኩ። ልገድለው አልነበረም… መሰላሉን ብቻ ነው የሳብኩት።»

«መሰላሉን ብቻ!» አሉ እማማ ቨርና፣ ይህን አጥርተው ሰምተው። «አንተ ውዳቂ! እኔም ከአርባ አንዱ አንዷ ነኛ!»

ኦቪዲዮን ሲፈቱት እማማ ቨርና እጁን ይዘው ይቅርታ ጠየቁት። ስፓርክማን በካቴና ታስሮ፣ ሃቶም ስላቀረበው ፎቶ ሊጠየቅ ወደ ጣቢያ ሄዱ። ኦቪዲዮ አንጓውን እያሸ ሰማዩን ተመለከተ።

«ጣሪያው ላይ ማንም ካልወጣ፣ ወጥቼ ሚስማሩን መምታት እችላለሁ?»

«ትችላለህ። ጋራዡን ብቻ አትንካ።»

«እስከ ስምንት ሰዓት አንድ ጎን እጨርሳለሁ። ከዚያ ልጄን ላምጣ።»

ከመኪናው ሌላ መሰላል አወረደ። ሳያስብበት፣ ከጠርዙ ሦስት ጫማ አሳልፎ ዘረጋው። ኔልዳ ባትሪዋን ይዛ፣ ክንዷን እያከከች፣ በዋናው ቤት መግቢያ ከኮርኒሱ በላይ ገባች። ከላይ መዶሻው ጮኸ፤ የመጀመሪያው አዲስ ጫፍ እያብረቀረቀ ጣውላውን በስቶ ወጣ። ሜትሯን አስጠግታ ሁለተኛውን ጠበቀች፤ ልክ በስድስት ኢንቹ ብቅ አለ።

«ስድስት!» ብላ ከታች ጮኸችለት።