በጥርስ ልክ የተሠራው ፒፓ

የምስጢር ስሙ «ስንጥር» የሆነው ሰላይ ሁለት አውቶቡስ ቀያየረ። ገበያ ውስጥ ገብቶ በሥጋ ቤቶቹ ጓሮ ወጣ። የሚከተለው የለም። ከሕዝብ ስልክ ደወለ።

«የፒፓውን ሠሪ ቤት አገኘሁ።»

«የት ነው?»

ተናገረ።

«ጎበዝ ልጄ!» አለ አለቃው፤ የስለላ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ «ጋሼ» የሚለው ሰውዬ። «እስክመጣ ውጭ ጠብቅ። አንዲት ቃል እንዳትጠይቅ።»

ፒፓው የሠላሳ ዓመት ዕቃ ነው። የተገኘው ከአንድ የሞተ የጠላት መልእክተኛ ኪስ ነበር። አንገቱ ውስጥ በተቦረቦረ ጉድጓድ የራሳቸው መሥሪያ ቤት ሰላዮች ስም ዝርዝር ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ከዚያ በፊት በሾለኩ ዝርዝሮች «ስንጥር» አራት ጓደኞቹን ቀብሯል። ከሃዲው ከራሳቸው መሥሪያ ቤት ሰዎች አንዱ ነው። ፒፓው ለማን እንደተሠራ የሚያውቀው ሠሪው ብቻ ነው።

ታዲያ ለምን አይጠየቅም?

ነገሩ አልዋጥለት አለ። በሩን አንኳኳ።

መነጽራቸው ላይ የእንጨት ብናኝ ያረፈባቸው አሮጊት ከፈቱለት።

«እንደምን ዋሉ እማማ? የድሮ ዕቃ ነጋዴ ነኝ። የዚህን ፒፓ ሠሪ ፈልጌ ነበር።»

«ፊትህ ቆማለች። ሰው ሁሉ ባሌን ነው የሚፈልገው። እሱማ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሞረድ እንኳ በወጉ አይዝም ነበር።»

ፒፓውን አገላብጠው የሚነከሰውን ጫፍ በጥፍራቸው ዳሰሱት።

«ሰም አስነክሼ በደንበኛው ጥርስ ልክ ነው የምሠራው። ይሄኛው አንገቱን አስቦረቦረኝ። የፍቅር ደብዳቤ እደብቅበታለሁ ሲለኝ ሳቄ መጣ። ፊቱ እንኳን ፍቅር ሰላምታም የሚያውቅ አይመስልም።»

ከመሳቢያ ያንን ደንበኛ ያስነከሱትን የደረቀ ሰም አወጡ። ከታች በግራ አንዱ ጥርስ በግማሽ ተሰብሯል። ቀጣዩ ተጣሞ ተደርቦበታል።

«ስንጥር» ሰሙን ከእጃቸው ተቀበለ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጋሼ ሲስቅ ያያቸው ጥርሶች ናቸው።

አድራሻውን ለጋሼ የሰጠው ደግሞ «ስንጥር» ራሱ ነው።

ውጭ የመኪና በር ተዘጋ።

«እማማ፣ የጓሮ በር አለ?»

«ምን ይዘህብኝ መጣህ አንተ?»

ጋሼ ሽጉጡን ደግኖ ገባ።

«ጠብቅ ብዬህ ነበር። ብትሰማኝ ትተርፍ ነበር።»

«እነዚያ አራቱስ?»

«ሙት አታስቆጥረኝ። ሰሙን አምጣ!»

«ስንጥር» ሰሙን ኪሱ ከተተ። ጋሼ አፈሙዙን ወደ አሮጊቷ አዞረ።

እሳቸው ቀኝ እጃቸውን አነሱ።

ተኮሰ።

ሁለተኛው ጥይት ሳይወጣ «ስንጥር» ተወረወረበት። ተያይዘው መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ ወደቁ። የጋሼ ጭንቅላት እንጨት ከሚያዝበት የብረት ማሰሪያ ጋር ተላተመ። ራሱን ሳተ።

በአራተኛው ቀን ጋሼ በካቴና ታስሮ ሰሙ ፊቱ ቀረበ። ክህደቱን አመነ።

ያን ዕለት አንድ የበላይ ሹም «ስንጥር»ን ሆስፒታል ኮሪደር ላይ አገኘው።

«ሥራው አልቋል። አንተ ግን እኛ ጋ ሠርተህ አታውቅም። ዛሬውኑ ከዚህ ከተማ ትወጣለህ።»

«ስንጥር» አሮጊቷ ወደተኙበት ክፍል ገባ። በጥይቱ የተመታው ቀኝ እጃቸው ከአንጓው ተቆርጧል።

«እማማ፣ ይቅርታ ልል...»

«በይቅርታህ መሮ አልይዝበትም። ስምህ ማነው? እውነተኛውን ነው የጠየቅሁህ።»

«አልችልም፣ እማማ።»

ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«እንግዲያ ማን ብዬ ልርገምህ?»

ወጥቶ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋ። ደረጃውን ወርዶ፣ የጥየቃ ሰዓት አልቆ ከሚወጣው ሕዝብ መሀል ገባ።