የአልቫር ጥቁር መነጽር

«ወንድምሽ ዓይን ውስጥ የሚብለጨለጭ ነጠብጣብ አለ አላልሽኝም? አሳዪኛ!» ብላ ዮና ቲራ ጆሮ ሥር አንሾካሾከች።

ቲራ ምላሷን ብትቆርጠው ደስ ባላት። ሐኪሙ በመሣሪያ አይቶ የነገራቸውን፣ እናቷ «ከቤት እንዳይወጣ» ያለችውን፣ ባለፈው ሳምንት ለዮና ዘክዝካላታለች። በአዲሱ ክፍል ከዮና ሌላ የሚያናግራት የለም፤ ያቺን አንድ ጓደኛ ለማቆየት የምትሰጠው ወሬ ብቻ ነበራት።

ትምህርት ቤቱ በሙሉ በረዶ ሆኖ የረጋው ሐይቅ ላይ ወጥቷል። ብርዱ ቶሎ በማይለቀው በሰሜኑ አገራቸው በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ በረዶውን እየበሱ ዓሣ የማጥመድ ውድድር አለ። የቲራ ታላቅ ወንድም አልቫር፣ ወንበር ባለው መንሸራተቻ ላይ ተቀምጦ ክሩን ቀዳዳው ውስጥ ለቋል። አብሮት የተወለደው በሽታ እግሮቹን አስሮ ንግግሩን አዘግይቶበታል፤ ቆዳው ይደርቃል፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት ይላላጣል። ዓይኖቹ ብርሃን አይችሉም፤ በረዶ ላይ የሚያርፈው ፀሐይማ ያሰቃየዋል። ስለዚህ ጥቁር መነጽሩን አድርጎ ለፀሐይ ጀርባውን ሰጥቷል።

«ዓሣው ዓሣ ሊያጠምድ ነው!» ብላ ዮና መነጽሩን ከፊቱ ላይ ነጠቀችና ስልኳን ደቀነች። «አዙሪው፣ ቲራ። ፋራ አትሁኚ!»

ቲራ መንሸራተቻውን ወደ ፀሐይ አዞረችው።

አልቫር ዓይኑን ጨፍኖ «ማነው?» አለ።

«እኔ ነኝ። ትንሽ ግለጥ እስቲ።»

«ቲራ ነሽ? እሺ» አለና ገለጠ።

እንባው በተሰነጣጠቀው ጉንጩ ላይ ወረደ። እንደሚያቃጥለው ቲራ ታውቃለች። እህቱ ጨፍን እስክትለው ግን አልጨፈነም። እሷም ቶሎ አላለችውም።

«ምንም የለም እኮ! ቀጣፊ!» ብላ ዮና መነጽሩን ቀዳዳው ውስጥ ጣለችው። ነጠብጣቡ ያለ ሐኪሙ መሣሪያ እንደማይታይ ቲራ ቀድሞም ታውቅ ነበር።

ስቴላን የሚባሉት አስተማሪ ሮጠው መጡ። «ምን ሆነ?»

«መነጽሩ ወደቀበት» አለች ዮና፣ ቲራን እየጠቀሰቻት።

«አዎ፣ ወደቀብኝ» አለ አልቫር፣ ፊቱን በጓንቱ ሸፍኖ።

ቲራ አፈረች። አሁን ዝም ካለች ነገ ምሳ ሰዓት ላይ ከዮና አጠገብ ትቀመጣለች።

«አልወደቀም፤ ዮና ጣለችው» አለች። «ፀሐይ ላይ ያዞርኩት ግን እኔ ነኝ። ሐኪሙ ያለውንም የነገርኳት እኔ ነኝ።»

«አለቀልሽ!» አለች ዮና።

ቲራ ሻርቧን ፈታ የወንድሟን ዓይን ልትሸፍንለት ጎንበስ ስትል፣ አልቫር ፊቱን መለሰ።

«አንቺ አትንኪኝ» አለ ቀስ ብሎ። «አስተማሪው ይሸፍኑልኝ።»

ሻርቡን ለአስተማሪው አቀበለች። አስረው እስኪጨርሱም በአልቫርና በፀሐይ መካከል ገብታ ቆመች።